ንጉሡ ወርቁን ሰጡ፣ ጠባቂ ግን አላገኙም

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኮሪያ ሲባል እኛ ቤት የሚነሱት ነገሮች ይታወቃሉ። ቃኘው ሻለቃ፣ ሳምሰንግ፣ ከዚያ ደግሞ አልቆ የማያልቀው ድራማ። የዛሬው ወሬያችን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስለነበረችው ኮሪያ ነው። ከሰሜን ተራሮቿ ወርቅ ስለሚወጣባት፣ ከደቡብ ሜዳዎቿ ሩዝ ስለሚጫንባት፣ የሁለቱም ሒሳብ ግን በሌላ ሰው ደብተር ላይ ስለሚጻፍባት ኮሪያ። የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ኮሪያ በይፋ የጃፓን ቅኝ ግዛት የሆነችው በ1910 ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ከዚያ ይጀምራል። እኔ ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያ የ1910 ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሌሎች ብዙ ወረቀቶች ተፈርመው ነበር፤ የወደብ ውል፣ የቀረጥ ውል፣ የባቡር ውል፣ የማዕድን ውል። አንዳንዶቹ በመድፍ አፍ የተፈረሙ ናቸው። አንዳንዶቹን ግን የኮሪያው ንጉሥ ጎጆንግ ወደውና አስበውበት ነው የሰጧቸው። ስሌታቸውም ይህ ነበር፦ ለኃያላኑ መንግሥታት አገሬ ውስጥ ጥቅም ከሰጠኋቸው፣ ለጥቅማቸው ሲሉ አገሬን ይጠብቁልኛል። እኔን ይህን ታሪክ እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ስሌት ነው። ሞኝነት አይመስልም፣ አይደል? ብዙዎቻችን በእሳቸው ቦታ ብንሆን እንዲሁ የምናደርግ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ወደቦቹ።

በ1875 ዩንዮ የተባለች የጃፓን የጦር መርከብ ከሶል ብዙም ወደማይርቀው ወደ ጋንግህዋ ደሴት ተጠጋች። ኮሪያውያን ተኮሱ። ጃፓኖቹም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ምሽጉን ደበደቡ፣ በዓመቱ መርከቦቻቸውን አሰልፈው ተመልሰው ውል አስፈረሙ። የሚገርመው ጃፓን ራሷ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ የጦር መርከቦች በግድ ወደቧን የከፈተች አገር መሆኗ ነው። የተሠራባትን ቀምራ ጎረቤቷ ላይ ሠራችው።

ቡሳን ወዲያው ተከፈተ። ዎንሳን በ1880፣ ኢንቾን በ1883 ተከተሉ። ኢንቾንን ፈረንጆቹ ያኔ ቼሙልፖ ነበር የሚሉት። በውሉ መሠረት ጃፓናዊ በእነዚህ ወደቦች ወንጀል ቢሠራ የሚዳኘው የራሱ አገር ቆንስል ነው። የጃፓን ገንዘብ እንደልቡ ይመነዘራል። ከውሉ በኋላ የመጣው የንግድ ስምምነት ደግሞ ቀረጥን ጨርሶ አስቀረው። ዜሮ። እቃ ይገባል፣ እቃ ይወጣል፣ የአገሩ መንግሥት ቆሞ ያያል።

ኮሪያ ነገሩ የገባት ቆየት ብሎ ነው። በ1878 ቡሳን አጠገብ ዱሞጂን በሚባል ቦታ ጉምሩክ ከፈተች። ብልሃቷን ተመልከቱ። ጃፓናውያኑን አልነካችም፤ ቀረጡን የጣለችው በራሷ ነጋዴዎች ላይ ነው። ግን የኮሪያው ነጋዴ ቀረጥ ሲከፍል ዋጋው ይወደዳል፣ ጃፓናዊው የሚገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ የጃፓን የጦር መርከብ መጣችና ጉምሩኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። አንድ መንግሥት የራሱን ዜጋ ቀረጥ በመጠየቁ መድፍ ተደገነበት። ከዚያ በኋላ ቀረጥ በወጉ መሰብሰብ የተጀመረው በ1883 ነው።

ጉምሩኩንም ያደራጀው ኮሪያዊ አልነበረም። ፓውል ጌኦርግ ፎን ሞለንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በኋላ ለረጅም ጊዜ የመራው ደግሞ ጆን ማክሊቪ ብራውን የተባለ የብሪታንያ ሰው ነው። ብራውን ጠንቃቃና ገንዘብ የማያስነካ ሰው ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ብዙም አይወደውም። የተሰበሰበው ቀረጥ ይቀመጥ የነበረው የት መሰላችሁ? ዳይ-ኢቺ በሚባለው የጃፓን ባንክ። ይህ ባንክ ጉምሩክ ላይ ብቻ አልቆመም። በወደቦቹ ቅርንጫፍ ከፍቶ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የኮሪያን ወርቅ እየገዛ ወደ ጃፓን ይልክ ነበር። ገበሬው በወንዝ ዳር አጥቦ ያገኛት ወርቅ በነጋዴ እጅ ወደቡ ድረስ ትመጣለች፣ ባንኩ ይመዝናታል፣ ኦሳካ ትደርሳለች። በ1902 ባንኩ ኮሪያ ውስጥ የራሱን የብር ኖት እስከማውጣት ደረሰ። ኖቱ ላይ ያለው ምስል የባንኩ ፕሬዚዳንት የሺቡሳዋ ኤይቺ ነው። ንጉሥ ያለበት አገር ነው እንግዲህ፣ ገንዘቡ ላይ የተሳለው ግን የባዕድ ባንክ አለቃ። ጃፓን በ2024 ባወጣችው አዲሱ የ10,000 የን ኖት ላይ ያለውም ይኸው ሰው ስለሆነ ብዙ ኮሪያውያን ደስ አላላቸውም። አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር ጨምሬ ከወደቡ ለጊዜው ልውጣ። በ1889 የሃምግዮንግ ክፍለ ሀገር ገዢ ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ እህል ከክፍለ ሀገሩ እንዳይወጣ ከለከለ። ረሃብ ያሰጋው ገዢ የሚያደርገው ነገር ነው። የንግድ ስምምነቱ ግን ክልከላ ካለ ከአንድ ወር በፊት ለጃፓን ይነገር ይላል። ጃፓኖቹ ቀኑ አልተጠበቀም፣ ነጋዴዎቻችን ከሰሩ አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። መጨረሻው ኮሪያ በ1893 110,000 የን ካሳ ከፈለች። የራስን እህል ቤት ውስጥ ለማስቀረት ቅጣት ከፈለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ወርቁ።

ሆራስ አለን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1884 ሚስዮናዊ ሆኖ ሶል ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአዲሱ ፖስታ ቤት ምረቃ ግብዣ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ፤ ሚን ዮንግ-ኢክ የተባለ የንግሥቲቱ የቅርብ ዘመድ በስለት ክፉኛ ተቆራረጠ። አለን ሰፍቶ አዳነው። ከዚያ ወዲያ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ አለን ያለው ሁሉ ይሰማል። የንጉሡ ሐኪም ሆነ፣ ቀጥሎ ከኮሪያ የዲፕሎማቶች ቡድን ጋር ዋሽንግተን ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ በአሜሪካ ለጋሲዮን፣ ማለትም በዘመኑ እንደ ኤምባሲ በሚሠራው ቢሮ፣ ውስጥ ተቀጠረ፣ በመጨረሻም በኮሪያ የአሜሪካ ዋና ተወካይ እስከመሆን ደረሰ። ሚስዮናዊነቱ በየት በኩል እንደጠፋ እንጃ።

ንጉሡ አለንን "አሜሪካ እንድትከላከልልኝ ምን ላድርግ?" ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቁት መልሱ ግልጽ ነበር፦ ለአሜሪካ ኩባንያ ጥቅም ስጥ። ንጉሡም የሚመኩበት ነገር ነበራቸው። በ1882 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ፣ ሌላ መንግሥት አንዳችንን ቢበድል ሌላችን ተገቢውን የሽምግልና እርዳታ እናደርጋለን የሚል ሐሳብ አለ። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ ወግ ነበር ያዩት። ጎጆንግ እንደ ቃል ኪዳን ያዙት።

በ1895 በሰሜን ፕዮንጋን ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ባለው ኡንሳን አውራጃ፣ የወርቅ ማውጣት መብት ጄምስ ሞርስ ለተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ተሰጠ። በ1896 ውሉ እንደገና ጸደቀ። ሞርስ ገንዘብ ስለሌለው ሊ ሃንትና ስሎት ፋሴት ለተባሉ ሁለት ሰዎች አስተላለፈው። ሃንት ሲያትል ውስጥ የጋዜጣ ባለቤት የነበረ፣ ፋሴት የኒው ዮርክ ፖለቲከኛ ነው። በ1897 ኦሪየንታል ኮንሶሊዴትድ የሚባለውን የማዕድን ኩባንያ አቋቋሙ።

ውሉን አንድ በአንድ ላላነብላችሁ፣ ዋናው ዋናው ይኸው። ለማዕድኑ የሚገባ ማሽን ቀረጥ የለበትም። የሚወጣው ወርቅ ቀረጥ የለበትም። ንጉሡ መጀመሪያ ላይ ሩብ ድርሻ ነበራቸው። ኩባንያው ይህን ድርሻ በ100,000 ዶላርና በየዓመቱ በሚከፈል ቁርጥ ያለ አነስተኛ ክፍያ ገዛቸው። የውሉ ዘመንም እየተራዘመ እስከ 1939፣ ከተፈለገም እስከ 1954 እንዲሄድ ተደረገ። አሁን ይህን ቁጥር ያዙልኝ፦ ኩባንያው እስከ 1939 ድረስ ከኡንሳን ያወጣው ወርቅ ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል፤ የተጣራ ትርፉ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር። ንጉሡ ድርሻቸውን ባይሸጡ ኖሮ ሩቡ ስንት እንደሚሆን ቤታችሁ ገብታችሁ አስሉት።

እውነት ለመናገር ገንዘቡን በአንዴ መቀበላቸው ይገባኛል። ካዝናው ባዶ ነው፣ ጃፓን በሩ ላይ ናት፣ በጥቅምት 1895 ንግሥቲቱን ጃፓናውያን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብተው ገድለዋቸዋል። በዚያ ላይ ሆኖ ስለ 1939 የሚያስብ ማነው?

ኡንሳን ሰው የሌለበት ጫካ አልነበረም። የአካባቢው ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ወርቅ ያወጡ ነበር፤ ኩባንያው ሲገባ ከራሳቸው ጉድጓድ ተባረሩ። ከዚያ ብዙዎቹ በዚያው ጉድጓድ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ማዕከሉ ቡክጂን የሚባል ከተማ ነበር። ድንጋዩ ከመሬት ውስጥ በባሩድ ይፈነዳል፣ ወደ መፍጫው ይጋዛል፣ እዚያ ከባድ የብረት ዘነዘናዎች ሌት ተቀን እየወረዱ ዱቄት ያደርጉታል፣ ከዚያ በሜርኩሪና በሳያናይድ ወርቁ ከዱቄቱ ይለያል። ሠራተኛው በሺዎች የሚቆጠር ኮሪያዊ ነው። አለቆቹ በጣት የሚቆጠሩ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን። ደመወዛቸው አይገናኝም። ያም ሆኖ በጊዜው ቋሚ የገንዘብ ደመወዝ የሚገኝበት ሥራ ስለሌለ ሰው ከሩቅ እየመጣ ይቀጠር ነበር።

ንግሥቲቱ ከተገደሉ በኋላ ንጉሡ ሸሽተው በየካቲት 1896 የሩሲያ ለጋሲዮን ገቡ፤ አንድ ዓመት ያህል እዚያው ሆነው ገዙ። ያን ጊዜ የተከፈተው የውል ገበያ ቀላል አልነበረም። ከሶል ኢንቾን የባቡር ሐዲድ ለአሜሪካዊው ሞርስ፣ የሰሜን ምሥራቅ ማዕድን ለሩሲያውያን፣ ከሶል እስከ ቻይና ድንበር ያለው ሐዲድ ለፈረንሳዮች፣ የያሉ ወንዝ ደን እንደገና ለሩሲያውያን፣ ቆየት ብሎም ዳንግህዮን ለጀርመኖች፣ ከኡንሳን የተለየው ኢዩንሳን ለእንግሊዞች፣ ጂክሳን ለጃፓኖች፣ ቻንግሶንግ ለፈረንሳዮች፤ አንዱ ሲሰጠው ሌላው "እኔስ?" እያለ ይመጣል፣ ንጉሡም ሁሉንም እኩል ካስደሰቱ አንዱ ብቻውን አይውጠኝም ብለው ያምናሉ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!

ብዙዎቹ አልተሳካላቸውም። ጀርመኖቹና እንግሊዞቹ ከአካባቢው ወርቅ አውጪዎች ጋር ተጋጭተው፣ ብዙም ሳያተርፉ ነገሩን ትተው ሄዱ። ፈረንሳዮቹ ለሐዲዱ ገንዘብ ማግኘት አቃታቸው። ሞርስም የባቡሩን ውል ለማን ሸጠ? ለጃፓኖች። የኢንቾኑ ባቡር በ1899 ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ የጃፓን ኩባንያ ነው። እንግዲህ ጃፓንን ለመከላከል ለአሜሪካዊ የተሰጠ ውል በሦስት ዓመት ውስጥ ጃፓን እጅ ገባ። ንጉሡ ውል ሲሰጡ "ለሌላ አሳልፈህ መሸጥ አትችልም" የሚል አንድ መስመር ጠንከር አድርገው አስገብተው ቢሆን ብዬ አስባለሁ፤ ግን ማን ያስከብረዋል?

የኡንሳን ሰዎች እጅ ከወርቅም ባሻገር ይረዝም ነበር። ኢንቾን ላይ ዴቪድ ዴሽለር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የእንጀራ አባቱ የኦሃዮ ግዛት ገዢ ነው፤ አለን የአሜሪካ ተወካይ ሆኖ እንዲሾም ዋሽንግተን ላይ ያገዘውም ይኸው የእንጀራ አባት ነው። አለን ውለታውን መለሰ። ለሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ኮሪያውያን ሠራተኞችን መመልመያ ፈቃድ ዴሽለር እንዲያገኝ አደረገ። ታኅሣሥ 1902 የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች ከኢንቾን ተነሡ፤ ጥር 1903 ሆኖሉሉ 102 ሰው ደረሰ። እስከ 1905 ድረስ ከ7,000 በላይ ሄዱ። ከአንድ ወደብ ወርቅም ሩዝም ሰውም ወጣ፣ በተመሳሳይ ሰዎች አማላጅነት።

ከዚያ 1905 መጣ። የንጉሡ ስሌት የተፈተነበት ዓመት።

ጃፓን ሩሲያን አሸንፋለች። ጦርነቱ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የባሕር ውጊያዎች አንዱ የተደረገው ኢንቾን ወደብ አፍ ላይ ነው። ሐምሌ 1905 የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ታፍትና የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ካትሱራ ቶኪዮ ላይ ተነጋግረው፣ ጃፓን በኮሪያ የበላይ ብትሆን አሜሪካ እንደማትቃወም ተግባቡ። አለን ራሱ ጃፓንን መቃወም ሲጀምር በዚያው ዓመት ከቦታው ተነሣ። ንጉሡ ሆመር ሃልበርት በተባለ አሜሪካዊ መምህር እጅ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ሰሚ ሳያገኝ ኅዳር ላይ ኮሪያ በጃፓን ሞግዚትነት ሥር እንድትገባ የሚያደርገው ውል ተፈረመ። ለጋሲዮኗን ቀድማ የዘጋችው ምዕራባዊት አገር ማን ናት? አሜሪካ። ያ ሁሉ ወርቅ የተሰጣት አሜሪካ።

ኩባንያውስ? ኩባንያው ሥራውን ቀጠለ። ዘነዘናው አንድ ቀን አልቆመም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፣ ግን የመንግሥት መለወጥ አላደናቀፈውም። እንዲያውም ለአሜሪካኖቹ ጸጥታ ያለበት፣ ሐዲድ የሚሠራ፣ ውል የሚያከብር አስተዳደር መምጣቱ ተስማማቸው። እዚህ ላይ ነው የጎጆንግ ስሌት የፈረሰው። ኩባንያ የሚፈልገው ውሉን የሚያከብርለት መንግሥት ነው፤ ያ መንግሥት የማን እንደሆነ ግድ የለውም። ንጉሡ ኩባንያውንና አገሩን አንድ አድርገው ነው ያዩት። ጃፓን ደግሞ ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ገብቷታል፤ ኩባንያውን ደስ አሰኝቶ መንግሥቱን ዝም ማሰኘት።

በ1910 ኮሪያን ስትጠቀልልም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የኮሪያን የቀድሞ ቀረጥ ለአሥር ዓመት አልነካም ብላ ለኃያላኑ ቃል ገባች። እንግሊዝም አሜሪካም ነጋዴዎቻቸው እስካልተጎዱ ድረስ ዝም አሉ። በ1915 በወጣው የማዕድን ደንብ አዲስ ፈቃድ ለውጭ ዜጋ መስጠት ቆመ፤ የነበሩት ግን አልተነኩም። አሥሩ ዓመት ሲሞላ በ1920 በጃፓንና በኮሪያ መካከል ያለው ቀረጥ እየተነሣ ኮሪያ በጃፓን ገበያ ውስጥ ተጠቀለለች። ያኔ ለመጮኽ ጊዜው አልፏል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከማዕድን ሰዎቹ ውስጥ አንዱን ልጥቀስ። አልበርት ቴይለር አባቱ ኡንሳን ላይ የሠራ፣ እሱም በማዕድንና በንግድ የኖረ አሜሪካዊ ነው። በ1919 የመጋቢት አንዱ የነጻነት እንቅስቃሴ ሲነሣ ሚስቱ ሶል ሆስፒታል ውስጥ ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ የተደበቀው የነጻነት አዋጅ አልጋዋ ውስጥ ተገኘ። ቴይለር ለዜና ወኪልም ይጽፍ ስለነበር ወሬውን ወደ ውጭ አወጣው። ሶል ውስጥ የሠራው ቀይ የጡብ ቤት፣ ዲልኩሻ የሚባለው፣ ከ2021 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ሰው ከኩባንያው ሊሻል ይችላል ለማለት ያህል ነው።

ወደ ወደቡ እንመለስ፣ አሁን ግን ሩዙን ይዘን።

በ1918 ጃፓን ውስጥ ሩዝ ተወደደና ሕዝቡ በየከተማው ዓመፀ። መንግሥቱ ደነገጠ። መፍትሔው ከ1920 ጀምሮ በኮሪያ ብዙ ሩዝ ማምረት ነበር። መስኖ ተሠራ፣ አዲስ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ ገባ። ምርቱም ጨመረ። ግን ወደ ጃፓን የሚጫነው ከምርቱ በበለጠ ፍጥነት ጨመረ። በ1930ዎቹ ከኮሪያ ሩዝ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ይጫን ነበር። በ1910ዎቹ አንድ ኮሪያዊ በዓመት በአማካይ 0.7 ሶክ ገደማ ሩዝ ይበላ ነበር፤ አንድ ሶክ 180 ሊትር ያህል ነው። በ1930ዎቹ ከ0.5 በታች ወረደ። ጉድለቱ የሚሞላው ከማንቹሪያ፣ ማለትም ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሚመጣ፣ የዳጉሳ ዘመድ በሆነ ርካሽ እህል ነው። ብዙ አምርቶ ትንሽ መብላት ማለት ይህ ነው።

ይህ ሩዝ በየት ወጣ? በኢንቾን፣ በቡሳን፣ በተለይ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ባለው በጉንሳን። ጉንሳን በ1899 የተከፈተች፣ ከኋላዋ የኮሪያ ሰፊው የሩዝ ሜዳ ያለ ወደብ ናት። በ1908 የተሠራው የጡብ ጉምሩክ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ባሕሩ በዚያ በኩል በጣም ስለሚሞላና ስለሚጎድል፣ መርከብ በማንኛውም ሰዓት እንዲጫን ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መድረክ ሠሩ። ሞክፖ ከሚባለው ወደብ ደግሞ ሩዝና ጥጥ ይወጣ ነበር። ኢንቾን ላይ የሩዝ ማበጠሪያ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን በእንፋሎት የሚሠራ ፋብሪካ በ1892 ያቋቋመው ታውንሴንድ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። በፋብሪካዎቹ ከሩዙ ውስጥ ጠጠርና ገለባ የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይለቅማሉ፣ ክፍያቸው ከወንዶቹ ያነሰ ነው፣ እነሱም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደጋግመው ሥራ አቁመው ነበር። ከዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ከ1896 ጀምሮ ኢንቾን ላይ ሩዙን ሳያዩ ዋጋው ላይ የሚወራረዱበት የሩዝ ገበያ ነበር። ስንቱ ባለ መሬት እርሻውን አስይዞ ገብቶ ባዶ እጁን ወጣ!

የኢንቾን ባሕር ነገር ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ወደሚቀጥለው ሰው ይወስደናል። ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ዘጠኝ ሜትር ይደርሳል። ሲጎድል መርከቡ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከ1911 እስከ 1918 ውኃውን በር ዘግቶ የሚያስቀር ትልቅ ገንዳ ተሠራ። ቁፋሮው ላይ እስረኞችም ተሰማሩ። ከእስረኞቹ አንዱ ኪም ጉ ነበር፣ በኋላ የኮሪያ የስደት መንግሥት መሪ የሆነው። በ1914 ወደ ኢንቾን እስር ቤት ተዛውሮ በሰንሰለት ከሌላ እስረኛ ጋር ታስሮ አፈር ተሸከመ። ሥራው ከመክበዱ የተነሣ ከላይ ተወርውሮ ለመሞት እንዳሰበ ራሱ ጽፏል። ያስቀረው ነገር ግን፣ አብሮት የታሰረው ሰው ጫማ ወይም ሲጋራ ሰርቆ የጥቂት ወራት ቅጣት ያለበት ነው፤ እሱን ይዞ መሞት አልሆነለትም።

ወደብ ላይ ዝም ያላሉም ነበሩ። በ1928 ዎንሳን አጠገብ ራይዚንግ ሰን በተባለ የነዳጅ ኩባንያ፣ ባለቤቶቹ እንግሊዞች ናቸው፣ አንድ ጃፓናዊ ፎርማን ኮሪያዊ ሠራተኛ ደበደበ። ሠራተኞቹ ይባረርልን አሉ። ኩባንያው ቃል ገብቶ ቃሉን አጠፈ። በጥር 1929 የወደቡ ጫኝና አውራጆች፣ የጋሪ ነጂዎቹ፣ ሌላውም ሠራተኛ ተጨምሮ ከተማዋ ቆመች። ከ2,000 በላይ ሰው እስከ ሚያዝያ ድረስ አልሠራም አለ። ነጋዴዎቹ ከሌላ ከተማ ምትክ ሠራተኛ አስመጡ፣ ፖሊስ መሪዎቹን አሰረ፣ አድማው ተሰበረ። ከጃፓን የሠራተኛ ማኅበራት ሳይቀር ድጋፍ ደርሷቸው ነበር። የእንግሊዝ ድርጅት፣ የጃፓን ፎርማን፣ የኮሪያ ጀርባ። የዚያን ዘመን ወደብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጽ ብትሉኝ ይህን ነው የምጠቅሰው።

በ1930ዎቹ ወርቅ እንደገና እብደት ሆነ። ጃፓን በታኅሣሥ 1931 ገንዘቧን ከወርቅ ጋር ማያያዝ ስታቆም የወርቅ ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። አስተማሪው፣ ጠበቃው፣ ገበሬው ሁሉ ዶማ ይዞ ተራራ ወጣ። አንዳንድ ኮሪያውያንም በለጸጉ። ባንግ ኡንግ-ሞ የወርቅ ጉድጓዱን ሸጦ በ1933 ቾሱን ኢልቦ የተባለውን ጋዜጣ ገዛ። ቾይ ቻንግ-ሃክ የሳምሶንግን ማዕድን ሚትሱይ ለሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሸጦ የአገሩ ቱጃር ሆነ፤ ለጃፓንም ገንዘብ እየሰጠ ተስማምቶ ኖረ። ነጻነት ሲመጣ በ1945 ሶል ያለውን ቪላውን ለማን ሰጠ? ለኪም ጉ። የወደቡ እስረኛ በወርቅ ባለጸጋው ቤት ተቀመጠ፣ በ1949 ሰኔ ላይም እዚያው ቤት በጥይት ተገደለ። ስንቱ ይቅርታ በቤት ይገዛል? ይህን ለናንተ ልተወው።

ኡንሳንስ? በ1937 ጃፓን ቻይናን ከወረረች በኋላ ወርቅ ላይ ያላት ቁጥጥር ጠበቀ። አሜሪካኖቹም በ1939 ማዕድኑን ለጃፓን የማዕድን ኩባንያ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው ወጡ። ውላቸው እስከ 1954 ይሄድ ነበር፤ ግን ነጋዴ መቼ እንደሚወጣ ያውቃል።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፣ ይህ ርዕስ በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀውን ቀድሜ ልመልስ፦ "ጃፓን ኮሪያን አላለማችም ወይ? ሐዲዱ፣ ወደቡ፣ መስኖው?" ተሠርቷል፣ አልክድም። ቃኘው ሻለቃም በግንቦት 1951 ያረፈበት የቡሳን ወደብ ዋና መሠረቱ የተጣለው በዚያ ዘመን ነው። ግን ሐዲዱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ካርታ ላይ ተመልከቱ። ከማንቹሪያ ድንበር ይነሣል፣ አገሩን ሰንጥቆ ቡሳን ይደርሳል፣ ከቡሳን ከ1905 ጀምሮ ጃፓን ወዳለው ወደ ሺሞኖሴኪ ወደብ የሚሻገር መርከብ ይጠብቀዋል። የተዘረጋው ኮሪያዊ ከኮሪያዊ እንዲገናኝ ታስቦ አይደለም። መስኖው ያመረተውን ሩዝ ማን እንደበላው ደግሞ ቅድም ቁጥሩን ሰምታችኋል። የደቡብ ኮሪያ እድገት ከዚያ የመጣ ነው የሚል ሰው፣ ኡንሳን ያለችበት ሰሜን ለምን በዚያው መንገድ እንዳልሄደች አብሮ ያስረዳኝ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችና ግድቦች የተተከሉት እኮ በሰሜን ነው።

በሉ፣ እዚያ ኋላ እጅ ያወጣችሁት፣ ከእናንተ እንጀምር።